የሩሓማ ቅዳሜዎች

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ዛሬም ላይብረሪ። ኦክላንድ፣ የልጆቹ ክፍል። ሲነኩት ፀጉር የሚያቆም የብረት ኳስ አምጥተው ነበር። ሩሓማ ወረፋ ይዛ ነካችው። የሹሩባዋ ጫፍ ጫፍ ተነሳ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ፎቶ አነሳኋት... ብዥ ብሎ ወጣ።

ኳሱን የምታሳየው ሴትዮ ስታስረዳ ትፈጥናለች። ግማሹ አመለጠኝ። ሩሓማ እንደ ልማዷ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ኤሌክትሪክ ነው አባ። ግን የቤት አይደለም። ሰማይ ላይ የሚመጣው።»

«መብረቅ?»

«ያ። መብረክ።»

«መብረቅ። ቅ።»

«መብረ... ቅ።» እንደታነቀች ሆና ጉሮሮዋን ያዘች።

እንዲህ ነው የምንውለው። እሷ ነገሩን ትነግረኛለች፣ እኔ ስሙን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የኮንቴይነር መኪና ሾፌር ነኝ፣ የኔ እንግሊዝኛ ወደቡ አጥር ውስጥ ያልቃል፤ ኮንቴይነር፣ ቻሲስ፣ ጌት። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ጭኜ አላውቅም።

ከአይናዲስ ጋር ከተፋታን ጀምሮ ቅዳሜ የኔ ናት። ሌላው ቀን ሳን ሆዜ፣ እናቷ ጋ። ልጅ ይዤ የምውልበት ቤት የለኝም፣ ክፍሌ አልጋና ወንበር ናት። መጀመሪያ ላይብረሪ የገባነው እንዲያው ብርድ ሸሽተን ነበር። የዚያን ቀን የላም ዓይን እየከፈቱ ያሳያሉ። እኔ ዞር አልኩ፣ እሷ ጭንቅላቷን ከተተች። ከዚያ ወዲህ የቀረን የለም። የወረቀት ሮኬት፣ ሮቦት ውሻ፣ ጭስ የሚያወጣው በረዶ... የት ምን እንዳለ ሰኞ ሰኞ መፈለግ ነው ሥራዬ።

ማታ ሳን ሆዜ መለስኳት። መኪና ውስጥ ተኝታ ነበር።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ልጆች ድልድይ የሚሠሩበት ፕሮግራም ተሰረዘ። መኪና ውስጥ ሳንድዊች በላን። መስኮቱ ላይ ጠብታ ከጠብታ አወዳደረች። የኔ ተሸነፈ።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ሳን ሆዜ፣ ፓርኩ ውስጥ። ፀሐይን በቴሌስኮፕ የሚያሳዩ ሽማግሌዎች። ዓይን እንዳያቃጥል መሸፈኛ አለው። ቀይ ኳስ ናት... ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለባት።

«ብጉር አላት» አለች ሩሓማ። ቃሉን ከየት አመጣችው? ከእናቷ ይሆናል።

ከዚያ እሷን ስመልስ አይናዲስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሩሓማን ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«ማንደፍሮ፣ አንድ ነገር ላወራህ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ሆንሽ?»

«የህዝቅያስ ሥራ ወደ ዳላስ እየሄደ ነው። ሳኒቬል ያለውን ቢሮ ሊዘጉት ነው።»

ህዝቅያስ ባሏ ነው። ቸርች ነው የተዋወቁት። ኢንጂነር ነው። ክፉ ሰው አይደለም... እንዲያውም ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ይሂዳ» አልኳት።

 እጇ ሆዷ ላይ ነው። ያኔ ነው ያየሁት።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። አብረን ነው የምንሄደው። ትምህርት ሲዘጋ። ሩሓማም...»

«ሩሓማ ምን?»

«ያለ አንተ ፈቃድ አልወስዳትም። በፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። ተደብቄ እንዳደረግኩት እንዳታስብ ብዬ ነው የነገርኩህ።»

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ፍሪሞንት ስደርስ መውጫዬ መስሎኝ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ለጋሼ ይብራህ ነገርኳቸው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ናቸው፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ። የሦስቱም ልጆቻቸው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ሦስቱም ሩቅ ናቸው።

«ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ ወደይ» አሉኝ፣ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው። «ጠበቃ አነጋግር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጅህ ጋር ስትውል እኔ ምስክር ነኝ።»

«ምስክር ይበቃል ጋሼ?»

ሻያቸውን አማሰሉ። 

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። በነፃ የሚያማክሩ ጠበቆች ጋ ሄድኩ። የደረሰችኝ ወጣት ናት፣ ትሁት። መጀመሪያ ሚዲየተር የምትባል የፍርድ ቤት ሠራተኛ ሁለታችንንም፣ ልጅቷንም ታነጋግራለች አለችኝ። ከዚያ ለዳኛው ሐሳብ ትጽፋለች።

«ከልጅህ ጋር ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሳይንስ» አልኳት።

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ ነው። ጻፈችው። ስለ ፀሐይዋም ስለ ላም ዓይኑም ነገርኳት፣ እንግሊዝኛዬ እንደምንም ደረሰ። ይኼ በጣም ጥሩ ነው አለች። ትንሽ ቀና አልኩ።

ከዚያ ደግሞ... አንተ ጋ ስትሆን የት ነው የምትተኛው? አለችኝ።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ላይብረሪው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አለ። ውድድር ነው፣ በሜይ መጨረሻ፣ ሳን ሆዜ። አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ሆኖ ከእንጨትና ከላስቲክ ፎቅ ይሠራል። ፎቁን የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። መሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው። የቆመ ያልፋል።

«አባ ፕሊስ። አንተና እኔ።»

«እሺ።»

«ቲም ኔም ያስፈልጋል።»

ብዙ አሰበች። «መብረቅ» ብላ ጻፈች። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ግን መብረቅ ብላ ነው የጻፈችው። አዋቂ በሚለው ቦታ ስሜን እኔ ጻፍኩ።

ስለ ዳላስ ታውቃለች? አልጠየቅኳትም። አልጠየቀችኝም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ጋሼ ይብራህ የወጥ ቤት ጠረጴዛቸውን ለቀቁልን። የአይስክሬም እንጨት፣ ማስቲሽ፣ ላስቲክ። የወደቡን ክሬኖች አሳየኋት፣ እግራቸውን ከፍተው ነው የሚቆሙት። ወደደችው። እንደዚያ ሠራን።

እኔ መገጣጠሚያውን ሁሉ በማስቲሽ ደፈንኩት። ጠንካራ ይሁን ብዬ ነው። ጋሼ ይብራህ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስንት ሬክተር ላድርገው የኔ እመቤት?»

«ሰባት።»

ነቀነቁት። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቆመ... ከዚያ ከመሐሉ ቀጭ አለ።

«አባ፣ ላይብረሪ ያለው ሰውየ ነግሮናል እኮ። ቤንድ ካላደረገ ይሰበራል።»

«ቤንድ... መተጣጠፍ?»

«ያ። ትንሽ ትንሽ መተጣጠፍ አለበት።»

ማስቲሹን ፍቀን በላስቲክ አሰርነው። እሷ አሰረች ልበል፣ የኔ ጣት ለዚያ ወፍራም ነው። ጋሼ ይብራህ ፍሪጁ ላይ አስቀመጡት፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። ቤቱ ውስጥ ከሳቸውና ከኔ ሌላ ሰው የለም።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

ሚዲየተሯ ጋ። ሩሓማን ባለፈው ሳምንት ብቻዋን አነጋግራታለች። ዛሬ እኔና አይናዲስ። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኙን። የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ አማርኛ።

«ልጅዎ ከሳምንቱ ሁሉ ቅዳሜን እንደምትወድ ተናግራለች» አለ።

ደስ አለኝ። አይናዲስን አየኋት። አቀርቅራለች።

«ቀጥላም ከእናቷና ከሚወለደው ሕፃን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ተናግራለች።»

ዜና እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገረው። እሱ ምን ያድርግ? ያሉትን ነው የሚያስተላልፈው።

ሚዲየተሯ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ነገሩ ከልጅቷ አፍ የወጣው በዚሁ አነጋገር ነው ወይ ልል ነበር። ተውኩት።

ደረጃው ላይ አይናዲስ ደረሰችብኝ። «እኔ እንዲህ በዪ አላልኳትም። በጌታ ስም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። እውነት ነው፣ አውቃለሁ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

አልመጣም ልል ነበር... ሄድኩ። መኪና ውስጥ የቀበቶዋን ጫፍ እየጠቀለለች መጣች። ሄይዋርድ አካባቢ ስንደርስ...

«አባ፣ ኣር ዩ ማድ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ሴትየዋ ጠየቀችኝ። መዋሸት ኃጢአት ነው። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት።»

«ጥሩ አደረግሽ።»

«ቤቢውን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ቅዳሜንም ነገርኳት። ሁለቱንም ነገርኳት።»

«ሰምቻለሁ። ነግረውኛል።»

«ሁለቱንም ይሰጡኛል ብዬ ነው» አለች።

መንገዱን አየሁ። ከፊቴ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ነበር፣ የኋላ መብራቱ አንዱ አይበራም። እሱን እያየሁ ነዳሁ። 

ሜይ 7፣ ረቡዕ

ፈረምኩ።

ጠበቃዋ ዳኛው ፊት መከራከር ትችላለህ ብላኝ ነበር። ይረዝማል፣ ልጅቷንም እንደገና ያስጠይቋታል። ደግማ እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ? እኔን ወይም ሕፃኑን እንድትመርጥ? ደግሞስ ባሸንፍ... ወዴት ላምጣት?

ወረቀቱ በክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እኔ ጋ ትመጣለች ይላል። የት እንደምታድር አይልም። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እንነጋገራለን ይላል።

ጋሼ ይብራህ ሳሎኑን ለልጅቷ አስተካክላለሁ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። የሳቸው ልጆችስ መጥተው ያውቃሉ?

ሜይ 31፣ ቅዳሜ

ውድድሩ ነበር። ሳን ሆዜ፣ ትልቅ አዳራሽ። ፎቁን ጭኔ ላይ አድርጌ ልነዳ ስል ሩሓማ ተቆጣች፣ ራሷ ያዘችው።

ብዙ ቤተሰብ ነው የመጣው። ቻይናዎች፣ ህንዶች፣ ሜክሲኮዎች። አንዱ አባት ፎቁን በኮምፒውተር ነድፎ አትሞ አምጥቷል። የኛ መብረቅ ትንሽ ዘመም ይላል።

ዳኞቹ ፊት ሩሓማ ቆማ አስረዳች። እኔ ከኋላዋ። ክሬን ስትል ሰማሁ፣ ኦክላንድ ስትል ሰማሁ፣ ማይ ዳድ ስትል ሰማሁ። ሌላው አመለጠኝ። ዳኛዋ ወደኔ ዞራ ፈገግ አለች፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ብላ ነው ስለኔ የነገረቻቸው? ኋላ እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር።

ጠረጴዛው ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው። ቆመ። ሁለተኛው ጠንከር አለ፣ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ፣ ቆመ። ሩሓማ እጄን ያዘች። ሦስተኛው ላይ አንዱ እግሩ ተከፈተ፣ ሁሉም እንጨት ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

ታለቅሳለች ብዬ አየኋት። ዓይኗ በርቷል። «ዲድ ዩ ሲ ዛት?» አለች። እጄን ለቃ ወደ ዳኞቹ ሮጠች። ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ያሳዩ ነበር፣ የቱ እንጨት መጀመሪያ እንደለቀቀ። ልጆች ከበዋታል። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ታወራለች። ቆሜ አየኋት። አንዴም ወደኋላ አልዞረችም።

አይናዲስና ህዝቅያስ ሊወስዷት መጡ። ህዝቅያስ እጁን ዘረጋልኝ።

«ወንድም ማንደፍሮ፣ ሰላም ነህ? እንዴት ሆነ?»

«ሦስተኛው ላይ ወደቀ።»

ሩሓማ መጣች። ህዝቅያስ ቁጢጥ አለላት። በእንግሊዝኛ ጠየቃት፣ መለሰችለት፣ እንደገና ጠየቃት። ወረቀት አውጥቶ ሣለላት፣ እርሳሱን ተቀብላ አረመችው። እንዲህ ፈጥና ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ከኔ ጋር ቀስ የምትለው ለኔ ብላ ኖሯል... ዓመት ሙሉ ለኔ ብላ ስትንቀራፈፍ።

የተሰባበረውን እንጨት ልለቅም ስል «ተወው አባ፣ ሌላ እንሠራለን» አለችኝ። ማናችን?

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ሄዱ። ዕቃው ቀድሞ ሄዷል፣ እነሱ በመኪና። ሳን ሆዜ በጠዋት ደረስኩ። ሩሓማ አልጋዋ ከነበረበት ክፍል ሮጣ ወጣች፣ ማሚቶ አለው ብላ ባዶው ክፍል ውስጥ አስጮኸችኝ። አባ በል አለችኝ። አባ አልኩ። ግድግዳው መለሰው።

አቀፍኳት። «ቅዳሜ ኮል አደርጋለሁ» አለች። ያለቀሰችው አይናዲስ ናት።

መኪናው ሲታጠፍ እጇን አየሁ። የሷ ይሁን የእናቷ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ተኛሁ።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ደወለች። ቤቱን በስልኩ አዙራ አሳየችኝ። ጓሮ አለው። ሙቀቱ እንቁላል ይጠብሳል አለች፣ ሞክረውት አልጠበሰም። ሳቅን። ከዚያ አባ አንተስ ምን አየህ? አለችኝ። ምንም አላየሁም። ለዚህ ሳምንት የሚሆን አንድ ነገር ማየት አለብኝ።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ላይብረሪ ሄድኩ። ብቻዬን። የሳሙና አረፋ ፕሮግራም አለ፣ ልጅ ውስጡ ገብቶ የሚቆምበት ትልቅ አረፋ። አይቼ ልነግራት ነው። የምላትን አማርኛ መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ።

በሩ ላይ አዲስ ሠራተኛ ነው። ልጅህ የታል? አለኝ። ቴክሳስ አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። ከልጅ ጋር ካልሆነ አዋቂ ወደዚህ ክፍል አይገባም አለኝ፣ በትሕትና ነው። ያቺ የብረት ኳሱን ያሳየችን ሴትዮ አየችኝና መጣች። አወቀችኝ። ሩሓማን በስሟ ጠየቀችኝ።

«ሄዳለች» አልኳት።

አዘነች። ክንዴን ነካችኝ። ሕጉን ግን እሷም አላወጣችውም። እኔም ልጅ ይዤ ስመጣ ብቻውን የቆመ ሰው ባይ ኖሮ ልጄን ጠጋ አደርጋት ነበር። ትክክል ናቸው።

በመስታወቱ በኩል አንድ አረፋ አየሁ። ሰው እንዳያየኝ ወዲያው ሄድኩ።

ማታ ስትደውል የሳሙና አረፋ አየሁ አልኳት። ትልቅ ነበር? አለች። ትልቅ ነበር አልኳት።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

ወንድ ልጅ ወለዱ። ይዲድያ ብለውታል። ሩሓማ አቅፋው በስልክ አሳየችኝ። ፊቷ አይታይም፣ እሱ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ አልቆየንም፣ እንዳይነሳ አለች።

በዚህ ክረምት አልመጣችም። ወንድሟ አዲስ ነው። በግድ ላምጣት?

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

አልደወለችም። ልደት ላይ ነበረች፣ አይናዲስ ቴክስት አደረገችልኝ። ይቅርታ ብላለች።

ጋሼ ይብራህ ሳሎኑ ውስጥ ዘርግተውት የነበረውን ታጣፊ አልጋ ዛሬ አጠፉት። ላግዝዎት አልኳቸው። አብረን ጋራዥ አስገባነው። 

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ደወለች። ፀጉሯን ለቃዋለች፣ ሹሩባው የለም። «ሃይ ዳድ» አለች። ከመቼ ወዲህ ነው ዳድ የሆንኩት? ያለፈው ጊዜም ዳድ ነበር መሰለኝ፣ አላስተዋልኩም።

ደስ ብሏታል። ትምህርት ቤቷ የሮቦት ክለብ አለው፣ ገብታለች። ትንሿ እሷ ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ እየሮጠች። ሮቦት፣ ቲም፣ ሴንሰር... ከዚያ ጠፋችብኝ።

«ቀስ በይ ሩሓማ። ምን አልሽ?»

ደገመችልኝ። የባሰ ፈጠነች።

«ይኼ በአማርኛ ምንድን ነው?» አልኳት። ድሮ እንደምንባባለው።

አሰበች። ልታስታውስ ስትሞክር አየኋት። ቃሉ አልመጣላትም።

«ኔቨር ማይንድ ዳድ።»

ያኔ የህዝቅያስ ድምፅ ከኋላ መጣ። ሕፃኑን እያባበለ ነው።

«ማንደፍሮ፣ ክለቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው እያለችህ ነው። ጠዋት ገብተው ማታ ነው የሚወጡት። ሌላ ቀን ብትደዋወሉ ይሻላል ወይ ነው የምትልህ።»

ልጄን ለኔ ተረጎመልኝ። አመስግኜዋለሁ።

«እሑድስ?» አልኩ።

«እሑድ ቸርች ነን» አለ እሱ። «ግን አንድ ቀን አናጣም።»

«ጥሩ ነው። ክለቡ ይሻላታል» አልኩ። ከልቤ ነው። እዚህ ቦታ ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ ያንን የሚወስድብኝ የለም... ወይስ የብረቱ ኳስ ነው ያደረሳት?

«ባይ ዳድ። ላቭ ዩ» አለች። ይኼን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁ።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ሾፌሮች የሚመድበው ዲስፓቸር ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ያጥረዋል፣ እኔን ደግሞ መጠየቅ ትቶ ነበር።

«ቅዳሜ አልችልም አላልክም?» አለኝ።

አሁን እችላለሁ አልኩት። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ አስገብቶኛል።